የአሌክሳንድራው እጩ

አለምብርሃን ፖለቲካ ውስጥ የገባው አፉን ከፍቶ ነው። ይህን የምንለው ለማሽሟጠጥ አይደለም። በእርግጥም አፉን በልቅጦ፣ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጆሃንስበርግ፣ ራንድበርግ ሰፈር ከሚገኘው የሚስተር ኮሊን ክሊኒክ ጥርሱን እያስሞላ ነበር። ሚስተር ኮሊን ጥርስ ሐኪም ናቸው፤ በትርፍ ጊዜያቸው ደግሞ “የታታሪ ዜጎች ኅብረት” የሚባል ፓርቲ ሊቀመንበር። መሰርሰሪያቸውን እያስጮኹ ስለማይበራው የመንገድ መብራት፣ ስለማይነሣው ቆሻሻ፣ ስለ ከተማው ምክር ቤት ስንፍና ሲያወሩለት አለምብርሃን “እእ” ከማለት በቀር ምንም ሊል አልቻለም። እሳቸው “እእ”ን እንደ ሙሉ ስምምነት ቆጠሩት። ወንበሩ ቀና ሲል ምላሱ ገና እንደደነዘዘ አባል ሆኖ ነበር።

ዘመኑ በፈረንጆቹ 2011፣ የአጥቢያ ምርጫው ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ፓርቲው የጡረተኞች ማኅበር ቢባል ይሻለው ነበር። አባላቱ በሙሉ ነጮች፣ አብዛኞቹም ጎረቤታሞች ናቸው። ስብሰባቸው ሁልጊዜ የሚከፈተው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ “እኛ የነጮች ፓርቲ አይደለንም።” ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ ሻይ ይቀርባል። አለምብርሃን ከገባ በኋላ ግን ሊቀመንበሩ ይህን ሲናገሩ በጣታቸው ወደ እሱ ማመልከት ጀመሩ። እሱም እንደ ማስረጃ ቀና ብሎ ይቀመጣል።

ለምን ታገሠ ቢባል፣ ምኞት ነበረው። ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ውስጥ የጉዳት ገምጋሚ ነው፤ ደህና ቤት፣ ደህና መኪና፣ የደቡብ አፍሪካ ዜግነትና አረንጓዴዋ መታወቂያ አለው። ነገር ግን እዚህ አገር በኖረበት ዘመን ሁሉ ስሙን በሙሉ የጠራለት ሰው የለም። ቢሮ ውስጥ “አለን” ነው። ባንክ ቤት “ሚስተር ኤ” ነው። የምርጫ ወረቀት ላይ ግን የእጩ ስም በሙሉ ይጻፋል፤ ሕግ ነው። አለምብርሃን ያቺን ወረቀት በሐሳቡ ያያት ነበር። ስሙ ከእነ አባቱ ስም፣ ከጎኑ ትንሽ ሳጥን፣ እስክርቢቶ የያዘ ሕዝብ። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱ ለትሕትና እንኳ አፍሮ ሳይነግራት ቀረ።

ሚስተር ኮሊን አንድ ቀን አስጠሩት። “አሌክሳንድራ ውስጥ አንድ አዳራሽ ጥቁር መራጭ ሙላልኝ፤ የአጥቢያው እጩ አንተ ነህ። አንተ ሕዝብህን ታውቀዋለህ” አሉት።

ሕዝቡን! አለምብርሃን አሌክሳንድራን፣ ያንን የጥቁር ድሆች ሰፈር፣ የሚያውቀው ወደ ሀብታሞቹ ሳንድተን ሲነዳ በመኪና መስኮት ነው፤ ያውም መስኮቱን ግጥም አድርጎ ዘግቶ። እሱ ግን “በደንብ እንጂ” አለ።

ትሕትና ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

“ዙሉ ትችላለህ እንዴ?”

“ሳውቦና እላለሁ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ እነሱ ይናገራሉ፣ እኔ አዳምጣለሁ። ዴሞክራሲ ማለት እሱ ነው።”

“ይቅናህ” አለችው፤ “ብቻ ሽጉጤን ሳትጠይቅ ምንም እንዳታደርግ።” ሽጉጤ የአጎቷ ልጅ ነው፤ አሌክሳንድራ ውስጥ ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ ከፍቶ ከሚስቱ ከኤርጎጌ ጋር ይነግዳል።

አለምብርሃን ግን የተማረ ሰው ነውና ማንንም ሳይጠይቅ ወጣ። ፓርቲው ያሳተመውን ቲሸርት ለበሰ። ቲሸርቱ የተሰፋው በኮሚቴው አባላት ልክ ስለሆነ ጉልበቱ ላይ ይደርሳል፤ በአሌክሳንድራ ጠባብ መንገዶች ውስጥ ሲሄድ የሌሊት ልብሱን ለብሶ የጠፋ ሰው ይመስል ነበር። መጀመሪያ ያገኘው ጎጎ ኖምሳን ነው። ጎጎ ማለት በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። በራቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

“ሳውቦና፣ ጎጎ!” አለ።

“የቦ፣ ልጄ” አሉና ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ የሱ ዙሉ እዚያ ላይ እንዳለቀ ገብቷቸው ወደ እንግሊዝኛ ዞሩ። አለምብርሃንም ስለ ፓርቲው ያጠናውን አንድ በአንድ አወረደላቸው። ሳያቋርጡት ሰሙትና፣ “ሊቀመንበርህ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?” አሉት።

“ፓርቲው እኮ የተመሠረተው በቅርቡ…”

“እሱን አልጠየቅሁም። ፖሊስ ልጆቻችን ላይ ሲተኩስ፣ ቤታችን በቡልዶዘር ሲፈርስ፣ ያኔ የት ነበሩ?”

አለምብርሃን አሰበ፣ አሰበና፣ “ጥርስ ይነቅሉ ነበር” አለ። ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ጎጎ ኖምሳ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። “ስማኝ፤ የምመርጠውን ፓርቲ በየቀኑ እሰድበዋለሁ። ውሃ ሲጠፋ እሰድበዋለሁ፣ መብራት ሲጠፋ እሰድበዋለሁ። ባሌንም እንደዚያው ስሰድበው ነው የኖርኩት። አንተ ከመንገድ መጥተህ ባሌን ስትሰድብብኝ ግን ደስ አይለኝም።” በእጁ ከያዛቸው ትርፍ ቲሸርቶች አንዱን ግን ወሰዱ፤ ለመኝታ ጥሩ ነው አሉ።

ሌሎቹም ቢሆኑ ክፉ አልነበሩም። አንዱ ፓርቲው የድሮውን መንግሥት ሊመልስ እንደሆነ ጠየቀው። አንዷ ምሳ ይኖር እንደሆነ ጠየቀችው። አንዱ ደግሞ ስብሰባው መቼ ነው ሲለው፣ አለምብርሃን ደስ ብሎት “ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት!” አለ። ሰውየው እየሳቀ ሄደ። ምኑ እንዳሳቀው አልገባውም።

የገባው ሽጉጤ ሱቅ ሲደርስ ነው። ሽጉጤ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆሞ ግማሽ ዳቦ፣ አንድ ፍሬ እንቁላል፣ አንድ ፍሬ ሲጋራ ይሸጣል። ደንበኞቹ “ማይፍሬንድ” ነው የሚሉት፤ ስሙን የሚያውቅ ቢኖርም የሚጠራበት የለም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በዚያ የውጭ ሰው በተባረረበት ሰሞን፣ ሱቁን ከእነ መደርደሪያው ወስደውበት ነበር። ሄደ፣ ከረመ፣ ተመልሶ እዚያው ከፈተ።

“ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት?” አለ ሽጉጤ። “እዚህ ሎኬሽን ውስጥ፣ በጥቁሮቹ ሰፈር፣ ቅዳሜ ጠዋት ቀብር ነው። ሁሉም ሰው ቀብር ነው። ስብሰባ የሚጠራ ሰው ይኖራል ብዬም አላስብ።”

አለምብርሃን ይህን ይዞ ሚስተር ኮሊን ዘንድ በረረ። እሳቸው ተገረሙ።

“ለምንድን ነው ቅዳሜ የሚሞቱት?”

“የሚሞቱትማ ሌላ ቀን ነው። ቅዳሜ ይቀበራሉ።”

“ወደ ሐሙስ ማዛወር አይቻልም?”

“ስብሰባውን?”

“ቀብሩን።”

አዳራሹ ተይዟል፣ ጋዜጠኛ ተጠርቷል፣ ከኬፕታውን የሕዝብ አስተያየት የሚያጠና አማካሪ ሊመጣ ነው። አለምብርሃን ወንበሮቹ ባዶ ሆነው ታዩት። ስሙም ከዚያች ወረቀት ላይ ሲጠፋ ታየው። ተመልሶ ወደ ሽጉጤ ሄደ።

“ሰው ጥራልኝ” አለው። “ወንበር የሚሞላ ሰው ብቻ።”

“እኛ እኮ አንመርጥም፣ ጋሼ። ጥገኝነት ጠያቂ ምን ድምፅ አለው?”

“መቀመጥ ድምፅ አይጠይቅም።”

“ስለ ወረቀት ነው?” አለ ሽጉጤ። ወረቀት ማለት የመኖሪያ ፈቃዱ ነው፤ በየጊዜው ሆም አፌርስ በሚባለው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በር ላይ እየተጋፉ የሚያሳድሱት፣ ሲጠፋ ሕይወት ቀጥ የሚልበት። እዚህ ላይ አለምብርሃን “አይደለም” ማለት ነበረበት። ቀላል ቃል ነው።

“ስለ ወረቀትም ይነሣል” አለ።

ቅዳሜ ሱቆቹ ተዘጉ። ሀበሻ ሲጠራ ቀረ መባልን የሚፈራውን ያህል ሌባ እንኳ አይፈራም። ከአሌክሳንድራ በእግራቸው መጡ፤ ከቶኮዛ በታክሲ ተጭነው መጡ፤ ጀፕስታውን ሆነው ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍሉት ሳይቀሩ በየመኪናቸው መጡ። የእሑድ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ሴቶቹ ነጠላ ጣል አድርገው። ኤርጎጌ ያለ መዝሙር የሚከፈት ጉባኤ አይታ ስለማታውቅ የቤተ ክርስቲያኑን መዘምራን ከእነ ኪቦርዳቸው ይዛ ደረሰች። አዳራሹ ሞልቶ በር ላይ የቆመም ነበር።

ሚስተር ኮሊን ሲገቡ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። “ይህ ሁሉ ሰው! እንዴት ነው እንዲህ የለበሱት?”

“ስለሚያከብሩዎት ነው” አለ አለምብርሃን። በዚያች ደቂቃ እሱ ራሱም አምኖት ነበር።

መዘምራኑ ዘመሩ፤ ኮሚቴውም ከምቱ ውጭ አጨበጨበ። ከዚያ ሚስተር ኮሊን ማይክ ያዙ። ስለ መብራት ተናገሩ፣ ስለ ቆሻሻ ተናገሩ፤ አለምብርሃን ወደ አማርኛ እየመለሰ ሕዝቡ “አሜን” ይላል። ፈረንጆቹ ምን ቋንቋ እንደሆነ አልጠየቁም። አገሪቱ አሥራ አንድ የሥራ ቋንቋ ስላላት፣ ከአሥራ አንዱ አንዱ ነው ብለው ተዉት መሰለኝ።

“አሁን” አሉ ሚስተር ኮሊን፣ “ትልቁን ቃል ኪዳናችንን ልንገራችሁ። አማካሪያችን ጥቁር መራጭ ከሁሉ በላይ ምን እንደሚፈልግ አጥንቷል። ከተመረጥን በመቶ ቀን ውስጥ፣ በዚህ አጥቢያ ያሉትን የውጭ ዜጎች ሱቆች በሙሉ እንዘጋለን!”

እጃቸውን ወደ ላይ እንዳነሡ ቀሩ። ጭብጨባው የሚመጣው ከትርጉሙ በኋላ ነውና ወደ አለምብርሃን ዞሩ።

ለአለምብርሃን ግን ይህን ቃል ኪዳን ማንም አልነገረውም ነበር። ፊት ለፊቱ ሽጉጤ ተቀምጧል፤ ክራቫቱ ትንሽ ወደ ጎን ዞራለች። ከኋላው ረድፍ በረድፍ ባለሱቅ፣ ባለሱቅ፣ ባለሱቅ። እውነቱን ቢተረጉም ጉባኤው ይበተናል፣ እጩነቱም አብሮ። “ሊቀመንበሩ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ ብለዋል” አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ “ስለ ሱቆቻችሁም እናስባለን ብለዋል” ሲል ጨመረበት። ይህ እንኳ ውሸት አይደለም ብሎ ልቡን አጽናና።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ሽጉጤ ማጨብጨብ ጀመረ። ቀስ ብሎ ጀመረ፤ ጎኑ ያለው ተቀበለው፤ ሁሉም ተነሡ። ኤርጎጌ “ሃሌሉያ!” አለች፣ ኪቦርዱ ገባ፣ ፎቶ አንሺው ወንበር ላይ ወጥቶ ያነሣ ጀመር። አማካሪው “ጥናቱ አልተሳሳተም!” እያለ የኮሚቴውን እጅ ይጨብጣል።

ሲያልቅ ሽጉጤ ኮቱን አውልቆ ወንበር ያጣጥፍ ነበር። አለምብርሃን ሊያመሰግነው ቀረበ።

“ስለ ወረቀት ሳይነሣ ቀረ፣ ጋሼ” አለው ሽጉጤ፣ ቀና ሳይል።

“ጊዜ አጠረ። ሌላ ጊዜ…”

“ችግር የለም። ስለ ሱቁ ግን ሰምተናል።”

“ምን ሰማችሁ?”

“እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር የምከራከረው በእንግሊዝኛ ነው። እሱን ያልሰማ እዚህ የለም፤ እንዘጋለን ነው ያሉት።”

“ታዲያ ለምን አጨበጨባችሁ?” አለ አለምብርሃን።

ሽጉጤ አሁን ቀና አለ። በጣም ተገርሞ ነበር። “ምን እናድርግ ታዲያ? በፈረንጆቹ ፊት እናዋርድህ? የኛ ሰው አይደለህም እንዴ?” አለና ወንበሩን ይዞ ሄደ።

ቢሰድበው ይሻለው ነበር። አለምብርሃን ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ሰውን የገዛ ሱቁ እንዲዘጋ ተነሥቶ እስኪያጨበጭብ ሊያደርሰው እንደሚችል ያየው ያን ዕለት ነው። እፍረቱ ሳይበርድ ሄዶ ለሚስተር ኮሊን እውነቱን አፈረጠው፤ ሰዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፣ መምረጥ አይችሉም፣ ሊዘጉት የዛቱት ሱቅም የእነሱው ነው።

ሚስተር ኮሊን አሰቡበት። “ግን ጥቁር ናቸው?”

“ናቸው።”

“ፎቶው ላይ ደስ ያላቸው ይመስላሉ?”

“ይመስላሉ።”

“እንግዲያው ችግሩ ምንድን ነው?” አሉና የእጩነቱን ወረቀት ከእነ እስክርቢቶው አቀረቡለት። ስሙ በሙሉ ተጽፏል፤ አንድ ፊደል አልጎደለም። አለምብርሃን ከውስጥ ሆኜ አስለውጠዋለሁ ብሎ ፈረመ። የፈረመ ሰው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለው።

ፖስተሮቹ በየመብራት ምሰሶው ተሰቀሉ። የአለምብርሃን ፊት ይስቃል፤ ከሥሩ በትልልቅ ፊደል “የውጭ ሱቆች በመቶ ቀን ይዘጋሉ” ይላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ልቡ አላስቀምጥ ብሎት ሽጉጤ ሱቅ ሲደርስ፣ ያው ፖስተር በሱቁ መዝጊያ ላይ በሊጥ ግጥም ተደርጎ ተለጥፏል።

“ይሄን ማነው የለጠፈው?” ብሎ ጮኸ።

“እኔ ነኝ” አለች ኤርጎጌ።

“አንብበሽዋል?”

“አንብቤዋለሁ እንጂ፣ ወንድም አለምብርሃን። መንገድ ላይ ወድቆ እየተረገጠ ነው ያገኘሁት። የኛ ሰው ፎቶ ሲረገጥ ዝም ብዬ ልለፍ?”

ሊልጠው ሞከረ፤ ሊጡ ደርቋል። በጥፍሩ ሲፍቅ ሽጉጤ ከውስጥ ሆኖ፣ “ተው ጋሼ፣ የዘመዱን ፎቶ ቀደደ ይሉኛል” አለው። ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ጥግ ላይ የሚቆሙ ጎረምሶች መጥተው ፖስተሩን ጮክ ብለው እንዳነበቡለት፣ “መቶ ቀን ምን ያስጠብቀናል፣ ማይፍሬንድ?” ብለውም እንደሄዱ ነገረው። ኤርጎጌ ልብሶቻቸውን በሻንጣ ከታለች። ሻንጣዎቹ ከስኳሩ ጆንያ አጠገብ ቆመዋል።

አለምብርሃን እዚያው ሆኖ ደወለ። “እጩነቴን ትቻለሁ! ስሜን ሰርዙልኝ!”

“አይቻልም” አሉ ሚስተር ኮሊን፤ ከጀርባቸው መሰርሰሪያ ይጮኻል። “የምርጫ ወረቀቱ ታትሟል። እንኳን ደስ ያለህ!”

ከዚያ በኋላ አለምብርሃን ያደረገውን በዚያች ከተማ ያደረገ እጩ የለም። ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ በየበሩ እያንኳኳ፣ “እባካችሁ እንዳትመርጡኝ” እያለ ይለምን ጀመር። ፖለቲከኛ ሲመጣ በር የሚዘጋው ሁሉ ይህን ሲሰማ ከፈተለት። ቁጭ በል አሉት፣ ሻይ አፈሉለት፣ ጎረቤት ጠርተው አስደግመው ሰሙት። ፓርቲው ከተመሠረተ ጀምሮ ሲመኘው የኖረው ጥቁር መራጭ በጥሞና አዳመጠው።

ጎጎ ኖምሳ እስኪጨርስ ጠበቁትና እጁን መታ መታ አደረጉት። “አይዞህ ልጄ። ድሮም አላሰብንም።”

“ማናችሁም?”

“ማናችንም። በሰላም ተኛ።”

አለምብርሃን እፎይ አለ፤ ሳቀም። አሮጊቷ ግን አብረውት አልሳቁም።

“ድምፅ አታገኝም። እነዚያ ጥግ ላይ የሚቆሙት ልጆችም አይመርጡም፣ ምርጫ ሄደውም አያውቁ። ፖስተርህን ግን ወደውታል። ለሱቁ ቀን እየቆረጡለት ነው።”

ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ጎጎ ኖምሳ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ወንበራቸውን እንዲሸከምላቸው አዘዙት። ፊት ፊት እየመሩ ሽጉጤ ሱቅ ደረሱ። ወንበሩን መዝጊያው ፊት፣ የማንም እግር ሳያልፋቸው የማይገባበት ቦታ አስቀመጡና ተቀመጡ።

“አንተም ተቀመጥ” አሉት።

“እስከ መቼ?”

“እኔ ምን አውቄ? ያመጣኸው አንተ ነህ።”

መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ከእነ ሱፉ፣ ከራሱ ፎቶ ሥር። ሽጉጤ ከፍርግርጉ ጀርባ አየውና ግማሽ ዳቦ መቁረጡን ቀጠለ። አላፊ አግዳሚው ለአሮጊቷ ሰላምታ በሰጠ ቁጥር እሳቸው በበትራቸው ወደ አለምብርሃን እያሳዩ፣ “እጩው ይሄ ነው፤ እንዳትመርጡት!” ይላሉ። ሰዎቹም እየሳቁ እጁን ይጨብጡና ስሙን ይጠይቁታል። ረጅም ስለሆነ ቀስ እያለ ይነግራቸዋል፣ ዓይኑን ጎረምሶቹ ከቆሙበት ጥግ ሳይነቅል።